የጣሪያው ታንከር አረንጓዴ ውኃ ስፒሩሊና ነው? ድሬዳዋ ላይስ ማምረት ይቻላል?

ከድሬዳዋ፣ ከሳቢያን የደረሰኝ ጥያቄ ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «ጣሪያ ላይ ያስቀመጥነው ሮቶ ውስጡ አረንጓዴ ሆኗል። አንድ ዘመዴ “ይህ እኮ በውድ የሚሸጠው ስፒሩሊና ነው፤ እንዳትደፋው” አለኝ። እውነት ነው? ካልሆነስ በግቢዬ ስፒሩሊና ማሳደግ እችላለሁ? ፀሐይና ሙቀት እንደሆነ ሞልቶናል። ደግሞ አንዱ ተክል ነው ይላል፣ ሌላው ባክቴሪያ ነው ይላል፤ የቱን ልመን?»

ድሬዎች አንቱታ እንደማትወዱ ሐረር ተቀምጬም አውቃለሁና «አንተ» እያልኩ ልቀጥል።

አስቀድሞ የታንከሩ ጉዳይ ይቅደም። ድፋው። ዘመድህ በጎ አስቦ ይሆናል፣ ነገር ግን ስፒሩሊና፣ ማለትም ደርቆ ለምግብ የሚሸጠው ጥቃቅን የውኃ ነዋሪ፣ ጨዋማ ባልሆነ ውኃ ውስጥ በራሱ አይበቅልም። የአንተ ሮቶ ውስጥ ያለው ከክሎሬላ ወይም ከሴኔዴስመስ ወገን የሆነ ተራ አረንጓዴ አልጌ (ውኃ ውስጥ የሚበቅል ዕፅ መሰል ደቂቅ ነገር) ሳይሆን አይቀርም። የበቀለበትም ምክንያት ግልጽ ነው፤ ክዳኑ ክፍት ነው፣ ወይም ታንከሩ ብርሃን የሚያሳልፍ ነው። ከቧንቧ የመጣው ክሎሪን ፀሐይ ላይ ሲቆም ተንኖ ያልቃል፤ የድሬዳዋ የከርሰ ምድር ውኃ ባይካርቦኔት የጠገበ ነው፣ በአንዳንድ ጉድጓዶች ደግሞ ናይትሬት መኖሩ በጥናት ተመዝግቧል። ለአልጌ ከዚህ በላይ ድግስ የለም። ውኃውን አፍስሰህ ግድግዳውን በብሩሽ ፈግፍገው። ከዚያ ታንከሩን ሞልተህ ለእያንዳንዱ 1,000 ሊትር አንድ ሊትር ባለ 5 በመቶ በረኪና ጨምርና አሳድረው፤ ጠዋት አፍስሰህ ደጋግመህ አለቅልቀው። ከዚያ በኋላ ብርሃን እንዳይገባ ክደነው ወይም አልብሰው። በረኪናውን ከአሲድ ጋር በፍጹም እንዳትቀላቅለው።

«አረንጓዴ ሁሉ ጤና ነው» የሚል ወሬ በዝቷልና አንድ ነገር ልጨምር። ቆቃ ግድብ ላይ በአንዳንድ ወቅት እንደ ቀለም የሚንሳፈፈው አረንጓዴ ሽፋን ማይክሮሲስቲስ የሚባል ደቂቅ አካል ነው፤ ጉበት የሚያጠቃ ማይክሮሲስቲን የተባለ መርዝ ሊያመነጭ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው ጊዜያዊ ገደብ በሊትር 1 ማይክሮ ግራም ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 ብራዚል፣ ካሩዋሩ ከተማ፣ በዚህ መርዝ የተበከለ ውኃ ለኩላሊት እጥበት ውሎ ከ50 በላይ ሕሙማን ሞተዋል። ማፍላት አይፈውሰውም፤ እንዲያውም ሕዋሱ ሲፈነዳ መርዙ ወደ ውኃው ይለቀቃል። ደርቆ ቆይቶ እንደገና ውኃ የያዘው ሐረማያም ሆነ ሌላ ሐይቅ ዳር እንዲህ ያለ ሽፋን ካየህ ከብት እንኳ አታጠጣ።

አሁን ወደ ተክልና ባክቴሪያው ክርክር። ሁለቱም ጓደኞችህ ስለተለያየ ነገር እያወሩ ነው። ከታንከርህ አንድ ጠብታ ወስደህ በማይክሮስኮፕ ብታየው ጥቃቅን አረንጓዴ ክቦች፣ አንዳንዴም አራት አራት ሆነው በሰልፍ የተጣበቁ ሕዋሶች ታያለህ። በእያንዳንዱ ሕዋስ ውስጥ አረንጓዴው ቀለም በአንድ ጥግ ተሰብስቦ ተቀምጧል፤ ያ ክሎሮፕላስት ነው፤ በፀሐይ ብርሃን ምግብ የሚሠራው የሕዋሱ ክፍል። እነዚህ የጎመንና የጫት የሩቅ ዘመዶች ናቸው። የስፒሩሊና ጠብታ ግን ሌላ መልክ አለው፦ የተጠማዘዘ ሽቦ የመሰለ ሰማያዊ ቀመስ አረንጓዴ ክር፣ በዝግታ እየተሽከረከረ የሚንሸራተት። በውስጡ ክሎሮፕላስት የለም፤ ቀለሙ በመላ አካሉ ተሰራጭቷል። ምክንያቱም እርሱ ራሱ ሳያኖባክቴሪያ፣ ማለትም እንደ ተክል በብርሃን ምግቡን የሚሠራ ባክቴሪያ ነው። በሳይንስ ስሙ አርትሮስፒራ ፕላቴንሲስ ይባላል።

ዝምድናቸው ከዚህ የበለጠ ይገርማል። የዛሬ 2.4 ቢሊዮን ዓመት ገደማ የምድር አየር ኦክስጅን መያዝ የጀመረው በሳያኖባክቴሪያዎች ሥራ ነው። ከቢሊዮን ዓመታት በፊት ደግሞ አንድ ሌላ ባለ ኒውክሊየስ ሕዋስ ከእነዚህ አንዱን ውጦ ሳይፈጨው ቀረ። የተዋጠው በውስጡ እየተራባ፣ አብዛኛውን ዘረ መሉን ለአሳዳሪው እያስረከበ፣ በመጨረሻ ክሎሮፕላስት ሆነ። ሐሳቡን ሩሲያዊው የሥነ ሕይወት ተመራማሪ ሜሬሽኮቭስኪ እ.ኤ.አ. በ1905 ሲያቀርበው የተቀበለው ጥቂት ነበር፤ አሜሪካዊቷ የሥነ ሕይወት ተመራማሪ ሊን ማርጉሊስ በ1967 እንደገና አንሥታ ተሟገተችለት። ያሸነፈው በኋላ ነው፤ ክሎሮፕላስት የራሱ ዲኤንኤ እንዳለውና ያም ዲኤንኤ የሳያኖባክቴሪያ ዘመድ መሆኑ ሲታይ ክርክሩ አበቃ። ስለዚህ ባክቴሪያ ነው የሚለው ጓደኛህ ስለ ስፒሩሊና ልክ ነው። ተክል ነው የሚለው ደግሞ ስለ ስፒሩሊና ይሳሳታል እንጂ በእያንዳንዱ ተክል ቅጠል ውስጥ የስፒሩሊና የጥንት ዘመድ ልጆች እንዳሉ ቢነግሩት ደስ ይለዋል።

ይህ ነገር አንድ ጊዜ ብቻ የሆነ ተረት እንዳይመስልህ። ፓውሊኔላ የምትባል አሜባ (ባለ አንድ ሕዋስ ደቂቅ አካል) ከ100 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ሌላ ሳያኖባክቴሪያ ውጣ ያንኑ መንገድ ለብቻዋ ጀምራለች። እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ በአሜሪካዊው ተመራማሪ በጆናታን ዜር የሚመራው ቡድን ከጃፓናዊቷ ኪዮኮ ሃጊኖ ጋር ሆኖ፣ ብራሩዶስፌራ በተባለ የባሕር አልጌ ውስጥ ናይትሮጅንን ከአየር ወስዶ ለሕዋስ ምግብ የሚያደርግ ባክቴሪያ ወደ ሕዋስ አካልነት መለወጡን አሳይቷል፤ «ናይትሮፕላስት» ብለውታል። ዩሪያ በጀርባው ተሸክሞ ማሳው የሚሄድ ገበሬ ላለበት አገር ይህ ተራ ዜና አይደለም፤ የራሱን ናይትሮጅን የሚሠራ ሕዋስ በተፈጥሮ ውስጥ እንዳለ ታውቋል ማለት ነው። ወደ ሰብል ይሻገራል አይሻገርም ሌላ ጥያቄ ነው፤ እኔ በሕይወት ዘመኔ አልጠብቀውም።

ስፒሩሊና የሚወደው ውኃ ምን ዓይነት እንደሆነ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከሻላ አጠገብ ያለው ጪቱ ሐይቅና ቢሾፍቱ አጠገብ ያለው አረንጓዴ ሐይቅ የሶዳ ሐይቆች ናቸው፤ ፒኤቻቸው፣ ማለትም የአሲድነትና የአልካሊነት መለኪያቸው፣ ወደ 10 ይጠጋል (7 ገለልተኛ ነው፣ ከዚያ በላይ አልካሊ)። ተራው አልጌ በሚቃጠልበት በዚህ ውኃ ውስጥ ስፒሩሊና ብቻውን ነግሦ ሐይቁን እንደ ጎመን ወጥ ያደርገዋል። ትንሹ ፍላሚንጎ የተባለው ወፍ በምንቃሩ እያጣራ የሚመገበው ይህንኑ ነው፤ ሮዝ ቀለሙም የሚመጣው ከዚሁ ምግቡ ነው። እንግሊዛዊው ታሊንግና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳተሙት ጥናት የአልጌ ብርሃን አስተፃምሮ (በብርሃን ምግብ የመሥራት አቅም) የመጨረሻው ጣሪያ የት ድረስ እንደሆነ የጠየቀው የኢትዮጵያን የሶዳ ሐይቆች፣ በተለይም አረንጓዴ ሐይቅን ይዞ ነው። በመላው ዓለም የሚጠቀስ ጥናት ነው፤ እኛ አገር ግን የሚያውቀው ከሙያው ሰው ውጪ ጥቂት ነው፣ ይህ ያናድደኛል።

እንደ ምግብም አዲስ አይደለም። ቻድ ውስጥ በካኔም አካባቢ ሴቶች ከሐይቅ ዳር ጠልፈው፣ አሸዋ ላይ አድርቀው፣ «ዲሄ» ብለው ለወጥ ይጠቀሙበታል። ቤልጂየማዊው የዕፀዋት ባለሙያ ዣን ሌዮናር በ1960ዎቹ አጋማሽ ገበያ ላይ አግኝቶት ነው ዓለም ልብ ያለው። ሜክሲኮ ውስጥ አዝቴኮች ከቴክስኮኮ ሐይቅ ይሰበስቡት ነበር።

እንግዲህ ወደ ዋናው፣ ወደ ግቢህ። ፀሐይና ሙቀት ሞልቶናል ያልከው እውነት ነው። ስፒሩሊና ከሁሉ በላይ የሚመቸው የውኃ ሙቀት 35 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ከ20 በታች እድገቱ ይቆማል። ሐረር ላይ እኔ ማታ ማታ በብርዱ የምከፍለውን ዋጋ አንተ አትከፍልም። ይሁንና ድሬ ላይ የሚጥልህ ሌላ ነገር ነው፤ ካልሲየም።

ቤት ውስጥ ሻይ የምታፈሉበትን ማንቆርቆሪያ ወደ ብርሃን አዘንብለህ እየው። ታችኛው ላይ የተጋገረው ነጭ ቅርፊት የካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ ከተማችሁን የከበቡት የኖራ ድንጋይ ተራሮች በውኃው በኩል ቤትህ ድረስ ገብተዋል። አሁን የስፒሩሊናን ምግብ አስብ። ዛሩክ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1966 ባወጣው፣ እስከ ዛሬ ላቦራቶሪዎች በሚከተሉት ቀመር፣ በአንድ ሊትር ውኃ 16.8 ግራም ሶዲየም ባይካርቦኔት ይገባል፤ የካልሲየም ክሎራይድ መጠን ግን 0.04 ግራም ብቻ ነው። ባይካርቦኔቱን በቧንቧችሁ ውኃ ውስጥ ስታሟሟ ውኃው እንደ ሩዝ እጣቢ ይደፈርሳል፤ ሲያድር ከታች ነጭ ዱቄት ይቀመጣል። ብዙ ሰው ይህን አይቶ «ባይካርቦኔቱ አስመስሎ የተሠራ ነው» ብሎ ነጋዴውን ይወቅሳል። ነጋዴው ንጹሕ ነው። ከዱቄቱ የከፋው ግን በዓይን የማይታየው ነው፦ ፎስፌት ስትጨምር ካልሲየሙ እርሱንም ይዞ ይሰምጣል፣ ብረቱም ይከተላል። ስፒሩሊናው በሙሉ ማዕድ ፊት ተርቦ ይገረጣል፣ ቢጫ ይሆናል፣ ከገንዳው ጠርዝ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል።

መፍትሔው ቅደም ተከተል ነው። ባይካርቦኔቱን ብቻውን አስቀድመህ ጨምርና በደንብ አማስለህ አሳድረው። ነጩ ዝቃጭ ታች ሲቀመጥ የጠራውን ውኃ በጎማ ቱቦ ከላይ ሳብ። ፎስፌቱን፣ ናይትሬቱን፣ ፖታሲየሙን፣ ጥቂት ማግኒዚየም ሰልፌትና ብረቱን የምትጨምረው በዚያ በጠራው ውኃ ላይ ነው። ብረቱ ኢዲቲኤ በተባለው አቃፊ የታሰረ ቢሆን ይመረጣል፤ ራቁቱን የገባ ብረት በሰዓታት ውስጥ ዝገት ሆኖ ይሰምጣል። በዚህ ግን አላበቃም። ድሬ ላይ ሰፊና ጥልቀት የሌለው ገንዳ በየቀኑ ብዙ ውኃ በትነት ይጎድለዋል። የሚተነው ንጹሕ ውኃ ነው፤ በምትኩ የምትጨምረው የቧንቧ ውኃ ግን አዲስ ካልሲየም ይዞ ይመጣል። በሁለትና በሦስት ወር ውስጥ ገንዳህ የጨውና የኖራ ማጠራቀሚያ ይሆናል። ስለዚህ ለመሙያ የዝናብ ውኃ አጠራቅም። ድሬ በዓመት 600 ሚሊ ሜትር አካባቢ ዝናብ ታገኛለች፤ 100 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ጣሪያ በአማካይ ዓመት ከ40,000 ሊትር በላይ ሊሰጥህ ይችላል። የመጀመሪያው ዝናብ የጣሪያውን አቧራ እንዲያጥብ ተወውና የቀጣዩን ያዝ።

ገንዳው 10 ካሬ ሜትር ይሁን፣ ውኃው 20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ይኑረው፤ 2,000 ሊትር ነው። በዛሩክ ቀመር ሙሉውን ብትሄድ 33 ኪሎ ተኩል ባይካርቦኔት ይፈጅብሃል። አነስተኛ አምራቾች ግማሹን ያህል፣ በሊትር 8 ግራም አድርገው 5 ግራም የምግብ ጨው ይጨምሩበታል፤ ይበቃል። ዘሩን፣ ማለትም ማስጀመሪያ የሚሆነውን ሕያው ስፒሩሊና፣ ከሚታወቅ ላቦራቶሪ ወይም በንጽሕና ከሚያመርት ሰው ውሰድ፤ ከሐይቅ ቀድተህ አትምጣ፣ አብሮት ምን እንደሚመጣ አታውቅም። ዘሩ ገና ስስ ሳለ የድሬ እኩለ ቀን ፀሐይ ያነጣዋል፤ ጥቁር ጥላ መረብ ዘርጋለት። ውኃው በአረንጓዴ እስኪጠቁር ድረስ መረቡ አይነሣ፤ በግንቦትና በሰኔ ደግሞ ከጠቆረም በኋላ እኩለ ቀን ላይ ጥላው አይጠላም፣ የውኃው ሙቀት 40 ከነካ አደጋ ነውና። በቀን ደጋግመህ በንጹሕ መጥረጊያ አማስለው።

መቼ ይታጨዳል? በዱላ ጫፍ ላይ ነጭ የፕላስቲክ ክዳን አስረህ ወደ ውኃው አስገባ። ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ሲወርድ ከዓይንህ ከጠፋ ደርሷል። ቲሸርት የሚያትሙ ሰዎች የሚጠቀሙበት ጥቅጥቅ ያለ የናይለን ጨርቅ ማጥለያ ይሆንሃል። ጠዋት በብርድ አጥልለህ፣ በጨርቁ ጠቅልለህ ጨምቀህ፣ እንደ ፓስታ ክር አቅጥነህ መረብ ላይ ዘርጋው። እዚህ ላይ የድሬ ደረቅ አየር ወዳጅህ ነው፤ አቧራዋ ግን አይደለችምና በመስታወት ወይም በፕላስቲክ የተሸፈነ ማድረቂያ ያስፈልግሃል። ሙቀቱ ከ60 ዲግሪ አይለፍ፣ በዚያው ቀን ደርቆ እንዲያልቅ አድርግ። ሲሰበር ኳ ማለት አለበት። የአሞኒያ ወይም የበሰበሰ ነገር ሽታ ካለው ለዶሮም አትስጠው።

ስለ ማዳበሪያ አንድ ማስጠንቀቂያ። ገበያ ላይ ርካሹ ናይትሮጅን ዩሪያ ነው፤ በእጅጉ በጥቂቱ ከተሰጠ ስፒሩሊና ይቀበለዋል። ከበዛ ግን በዚያ ከፍተኛ ፒኤች ወደ አሞኒያ ተለውጦ በአንድ ሌሊት ገንዳውን ይገድለዋል። የእርሻ ፎስፌት ማዳበሪያ ደግሞ ካድሚየም ሊይዝ ይችላል፤ ስፒሩሊና ከባድ ብረቶችን አሟጦ ስለሚይዝ ለሰው ምግብ ከሆነ ለምግብ ደረጃ የተዘጋጀውን ኬሚካል ግዛ።

ያዋጣል ወይ? ጥሩ እጅ ያለው ሰው በካሬ ሜትር በቀን 6 ግራም ያህል ደረቅ ምርት ያገኛል። በ10 ካሬ ሜትር 60 ግራም፤ አንድ ኪሎ ለመሙላት 17 ቀን ገደማ። የኬሚካሉን፣ የውኃውንና የራስህን ድካም ደምርና አንተው ፍረድ። ለቤትህና ለጎረቤት ያዋጣል፤ ከውጭ በታሸገ ጣሳ ከሚመጣው ጋር በኪሎ ዋጋ ለመፎካከር ከሆነ በዚህ መጠን አያዋጣም። አሽገህ ልትሸጥ ካሰብክ ደግሞ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንን ፈቃድ ሳትይዝ አትጀምር።

ስለ ገንቢነቱም ልክ ልኩን እንነጋገር። ከደረቅ ክብደቱ ከ55 እስከ 70 በመቶ ፕሮቲን ነው፣ ይህ እውነት ነው። ሰው ግን በቀን የሚወስደው አንድ ማንኪያ፣ 5 ግራም ያህል ነው፤ ያ 3 ግራም ፕሮቲን ይሰጣል። አንድ እንቁላል 6 ይሰጣል። 15 ግራም ሽምብራም ከስፒሩሊናው ማንኪያ ጋር ይስተካከላል። ስለዚህ ለፕሮቲን ብሎ ስፒሩሊና መግዛት ሽሮ ላለበት ቤት ብክነት ነው። ጥቅሙ ያለው በብረቱና በቤታ ካሮቲኑ ነው። በጾም ወራት «ቫይታሚን ቢ12 አለው» እየተባለ ለጾመኛ የሚሸጠው ነገር ደግሞ አብዛኛው የሰው አካል የማይጠቀምበት፣ ቢ12 መሰል ውሁድ ነው። ክፉኛ የተመጣጠነ ምግብ ያጣ ልጅ ያለው ሰው ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰደው፤ በስፒሩሊና ማንኪያ ጊዜ አያባክን።

በጥያቄህ ባይኖርም ሳትጠይቀኝ የማትቀረው፣ የሲሚንቶ ፋብሪካ ጭስ ለአልጌ ይሰጥ የሚለው ሐሳብ አለ። በወረቀት ላይ ያምራል፤ አንድ ኪሎ ደረቅ አልጌ ለመሠራት 1.8 ኪሎ ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወስዳል። ሒሳቡን ግን እንሥራው። በካሬ ሜትር በቀን 20 ግራም፣ ማለትም ከአንተ ገንዳ ሦስት እጥፍ የሚበልጥ ምርት እንስጠው። አንድ ሄክታር በዓመት 130 ቶን ገደማ ጋዝ ይይዛል። በዓመት 100,000 ቶን ጋዝ የሚያወጣ አንድ ፋብሪካ ከ750 ሄክታር በላይ ገንዳ ይፈልጋል፤ ውኃው ከየት ይመጣል? ከአልጌ ነዳጅ የማምረት ሙከራም ታሪኩ ከዚህ አይርቅም። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1978 እስከ 1996 በመንግሥት ገንዘብ ሞክራ አቆመች፤ ኤክሶን ሞቢል በ2009 በከፍተኛ ማስታወቂያ ገብቶ በ2023 መጀመሪያ ላይ ወጣ። ይልቅ አልጌ በዝምታ የሚሠራበት ቦታ የፍሳሽ ማጣሪያ ኩሬ ነው። አልጌው ኦክስጅን ይሰጣል፣ ባክቴሪያው በዚያ ኦክስጅን ቆሻሻውን ይበላል፤ የካሊፎርኒያው ዊልያም ኦስዋልድ ከ1950ዎቹ ጀምሮ ያስተማረው ይህንን ነው። እንደ ድሬ ላለ ፀሐያማ ከተማ እኔ ገንዘብ ቢኖረኝ የማወጣው በዚህ ላይ ነበር።

አንተ ግን በባለ 20 ሊትር ባልዲ ጀምር እንጂ ገንዳ አትቆፍር። ከዚያ በፊት የቧንቧህን ውኃ ጥንካሬ፣ ካልሲየሙንና ማግኒዚየሙን፣ የውኃ ላቦራቶሪ ባለው ተቋም አስመርምር፤ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲም ሩቅ አይደለም። ውጤቱን ከላክልኝ ባይካርቦኔቱን ጨምረህ ስንት ዝቃጭ እንደምትጠብቅና የዝናብ ውኃውን በምን ያህል እንደምትቀላቅል አብረን እናሰላለን።